«ማፖኑስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ብራና፦

በሮም ዘመን በሰሜን ብሪታንያ ይመለክ ስለነበረው ማፖኑስ ስለተባለው የኬልቶች (የጥንት ምዕራብ አውሮፓ ሕዝቦች) አምላክ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ ስመልስ ገና ስሙ ላይ ተሰናክያለሁ። ትርጉሙ «ታላቁ ልጅ» ወይም «መለኮታዊው ልጅ» ነው ይባላል። ነገር ግን «ታላቁ ልጅ» ብል አንባቢ የሚረዳው የበኩሩን ልጅ ነው፤ «ወልድ» ብል ደግሞ ቃሉ ለእኛ ከሥላሴ ስም የሚነጠል አይደለም። በመሠዊያዎቹ ላይ ስሙ ከግሪክና ከሮም አምላክ ከአፖሎ ጋር ተጣምሮ ስለሚገኝም «ለአፖሎ ማፖኑስ» ልበል ወይስ «ለአፖሎ ለማፖኑስ» የሚለውም አልተፈታልኝም።

ቀለም ቀንድ፦

በስሙ አሠራር ብንጀምር ይሻላል። ሥሩ «ማፖስ»፣ ማለትም «ልጅ»፣ «ወንድ ልጅ» የሚለው ቃል ሲሆን፣ በዌልስ ቋንቋ እስከ ዛሬ «ማብ» ተብሎ ይኖራል። ከእርሱ በፊት የነበረው ድምፅ ግን «ፕ» አልነበረም፤ የእኛ ፊደል «ኰ» ብሎ በአንድ ምልክት የሚጽፈው፣ ከንፈር ሞልሞል ብሎ የሚነገረው ድምፅ ነበር። በብሪታንያና በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ይህ ድምፅ ወደ «ፕ» ሲለወጥ፣ አየርላንዳውያን የከንፈሩን ክበት ጥለው «ክ»ን አስቀሩ፤ እንደ ማክዶናልድ ባሉ የቤተሰብ ስሞች መነሻ ላይ የምንሰማው «ማክ» የዚያው ቃል የሥጋ ዘመድ ነው። በመጨረሻ የተቀጠለው «ኦኖ» ደግሞ የአማልክት ስም መሥሪያ ነው፤ «ፈረስ» ከሚለው ቃል ኤፖና፣ «እናት» ከሚለው ማትሮና የተሠሩት በዚሁ ምዕላድ ነው። ስለዚህ «ታላቅ» የሚለው ቅጽል በስሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመ ቃል ስላልሆነ፣ በአማርኛው ውስጥም ራሱን የቻለ ቃል ባይሆን እመርጣለሁ።

አሁን መሠዊያዎቹን ያቆሙት እነማን እንደሆኑ ይመልከቱ፤ ለእኔ ጥያቄውን የሚፈታው ይህ ነው። ሮማውያን በሰሜን ብሪታንያ ከሠሩት ከሐድሪያን ግንብ ትንሽ ወደ ደቡብ በምትገኘው በኮርብሪጅ «ለአፖሎ ማፖኑስ» ብሎ ያስቀረጸው አንዱ፣ የስድስተኛው ሌጌዎን የሰፈር አዛዥ የነበረ፣ የጣሊያኗ የሲየና ሰው ነው። በሪብቸስተር እ.ኤ.አ. በ241 የቆመው ሐውልት የሳርማትያ ፈረሰኞችን ያዝዝ ከነበረ መቶ አለቃ የተሰጠ ሲሆን፣ የሰውየው አገር ዛሬ በቱርክ ማላትያ የምትባለው ሜሊቴኔ ነበረች። በብራምፕተን አቅራቢያ የተገኘውን ያቆሙት አራት ሰዎች ደግሞ ራሳቸውን ጀርመናውያን ብለው ጽፈዋል። የአካባቢው ተወላጅ «ማፖኑስ» ሲል «ልጅ» የሚለውን ቃል እየሰማ ነበር፤ እነዚህ ባዕዳን ግን፣ በእኔ ግምት፣ የሚሰሙት የአገሩን ጠባቂ ስም ብቻ ነው። የሚተረጉሙት ጽሑፍ የእነዚህ ሰዎች ስለሆነ ስሙን ሳይተረጉሙ «ማፖኑስ» ብለው ይተዉትና ፍችውን አንድ ጊዜ ብቻ ይስጡ።

ስለ «ለ» የጠየቁትን በተመለከተ፣ ላቲኑ ሁለቱንም ስሞች በተቀባይ ሙያ ያስቀምጣቸዋል። እኛም «ለወንድሜ ለከበደ» ስንል ሰውየው አንድ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም የተጸውኦ ስሞች ሲሆኑ «ለአፖሎ ለማፖኑስ» የሚለው አንባቢን ሁለት አማልክት ያስቆጥረዋል። የሪብቸስተሩን «ለቅዱሱ አምላክ ለአፖሎ ማፖኑስ» ብዬ እመልሰው ነበር።

ወይራ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማፖኑስን የሚያውቀው ወታደር ብቻ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ1971 በመካከለኛው ፈረንሳይ በሻማልዬር ምንጭ ውስጥ የተገኘው የእርሳስ ሰሌዳ በጎል ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ይህንኑ አምላክ በስሙ ይጠራል። እዚያ ጠሪውም ቋንቋውም የአገሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲተረጎም ፍችውን ማፈን ያጎድላል። አማርኛ ለዚህ የሚሆን አንድ ነገር አለው፦ «ልጅየው»፣ «እናትየው» የምንልበት ቅጥያ፣ ሌላ ቅጽል ሳይጨምር ተራውን ስም አንድ የታወቀ ሰው ያደርገዋል። በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ተረት ውስጥ በተወለደ በሦስተኛው ሌሊት ከእናቱ የተወሰደው ማቦን፣ የሞድሮን ልጅ፣ ከማፖኑስና ከማትሮና የወረደ ስም ነው፤ ቃል በቃል «ልጅየው፣ የእናትየው ልጅ» ቢባል ያስኬዳል።

ቀለም ቀንድ፦

ለተረቱ ድንቅ ነው። ለመሠዊያ ግን «ለልጅየው» ብሎ ስእለት ማግባት ለጆሮዬ ክብር ይጎድለዋል። «ልጅ»ን በማዕረግ ስምነቱ፣ «ልጅ ኢያሱ» እንደምንለው፣ ላስበው ሞክሬ ነበር፤ እርሱም የመሳፍንት ልጅ እንጂ አምላክ አልሆነልኝም።

ብራና፦

እንግዲያው በመሠዊያዎቹ «ማፖኑስ»፣ በተረቱ «ልጅየው» አደርጋለሁ። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ባለችው በግሬትና አጠገብ በባሕር ዳር የቆመውን፣ የድንበር ሰዎች ለሽምግልና ይሰበሰቡበት የነበረውን «ክሎክማበንስቴን» የተባለ ድንጋይ ግን እንዳለ እተወዋለሁ። የፊተኛው «ክሎክ» በጌሊክ «ድንጋይ» ነው፤ የኋለኛው «ስቴን» በስኮትላንድኛ እንደገና «ድንጋይ» ነው፤ በመካከላቸው የቀረው ማበን፣ ማለትም ማቦን፣ ነው።