የድሮ ፒክአፕ የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ ልቀይር ወይስ ላሠራ?

ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ አገር ከመጣሁ ገና 8 ወሬ ነው። ከአንድ የአገር ልጅ የገዛኋት 2002 ሞዴል ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ አለችኝ፣ ባለ ፎር ዊል ናት፣ በሷ ነው ዕቃ እያመላለስኩ የምሠራው። ትናንት ኢንስፔክሽን (የመኪና ደህንነት ምርመራ) ወስጃት የፊት ፍሬን ፓዱ አልቋል ብለው ሪጀክሽን ስቲከር፣ አላለፈችም የሚል ምልክት፣ ለጠፉባት፣ እዚሁ እንቀይርልህ ብለው የጠሩልኝ ዋጋ ደግሞ 480 ዶላር ነው። እዛው ማሠራት ግዴታ ነው እንዴ? ራሴ ብቀይረውስ? አገር ቤት እያለሁ ጎማ ቀይሬ አውቃለሁ፣ ፍሬን ግን ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴ በፍሬን ቀልድ የለም እያለች ነው፣ እሷም እውነቷን ነው፣ ልጆቼን የምጭነው በዚችው መኪና ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። መጀመሪያ ልብህ ይረፍ፣ እዛው ማሠራት ግዴታ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሪጀክሽን ስቲከር ከተለጠፈብህ በኋላ 15 ቀን አለህ፣ በነዚህ ቀናት የፈለግክበት ወስደህ ማሠራት ወይ ራስህ መሥራት መብትህ ነው፣ ከዛ መጀመሪያ ያዩልህ ቦታ በጊዜው ከተመለስክ ድጋሚ ማሳያው 1 ዶላር ነው፣ ሌላ ቦታ ከሄድክ ግን ሙሉውን ያስከፍሉሃል። ይሄን ስለማናውቅ ነው ብዙዎቻችን ደንግጠን የተባልነውን ከፍለን የምንወጣው፣ እኔም የመጀመሪያ ዓመት ከፍያለሁ። ግን 15 ቀን አለኝ ብለህ እንዳትዘናጋ፣ ፍሬን ስትይዝ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ካለ ዛሬውኑ አቁማት፣ ምክንያቱም ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ መብላት ከጀመረ ወጪህ በእጥፍ ይጨምራል፣ ከወጪውም በላይ ትቆማለች ባልክበት ሰዓት አትቆምልህም።

አገር ቤት ሸራ የምንለውን ነው እዚህ ፓድ የሚሉት። ያንተ ታኮማ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ እኔም የ1999 አለችኝ፣ የእድሩን ወንበርና ድንኳን ለቅሶ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፣ ስለዚህ ፍሬኗን ከልብ ነው የምከታተለው። ብዙ መኪና ላይ ሸራ ለመቀየር ካሊፐሩን፣ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ፈተህ ማንሳት አለብህ። ከ1995 እስከ 2004 የወጣችው ባለ ፎር ዊል ታኮማ ላይ ግን ካሊፐሩ ባለበት ነው የሚቆየው፣ ሸራውን የሚገፉ አራት ፒስተን አለው፣ ሁለት ከውስጥ ሁለት ከውጭ፣ ሸራዎቹን የያዙት ሁለት ፒኖች ናቸው። ሽቦዋን ክሊፕ በፒንሳ ትነቅላለህ፣ ፒኖቹን ትስባለህ፣ መሃል ያለችውን ስፕሪንግ ታወጣለህ፣ ከዛ ሸራው ተስቦ ይወጣል፣ በቃ። የፍሬን ዘይቱን ቱቦ ስለማትፈታ አየር አይገባም።

ሸራው እንደየዓይነቱ ከ30 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ታገኘዋለህ፣ የሁለቱም የፊት ጎማ ባንድ ሣጥን ነው የሚመጣው፣ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር የለም። ሴራሚክ የሚሉት አቧራውም ድምፁም ያንሳል፣ ሴሚ ሜታሊክ የሚሉት ደግሞ ሙቀትና ጭነት ይችላል፣ ዕቃ የምትጭን ከሆነ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክርህ። መሣሪያ የለኝም ብለህ አትጨነቅ፣ አውቶዞንና ኦራይሊ የሚባሉት የመኪና ዕቃ መደብሮች የጎደለህን መሣሪያ መያዣ አስይዘህ ያውሱሃል፣ ስትመልስ ብርህን ይመልሳሉ።

አሁን ዋናው ጋ ስመጣ፣ ሸራ መቀየር በራሱ ከባድ አይደለም፣ ሰው የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ አንዱ ክሪክ ነው አንዱ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ያለው የመጀመሪያው የፔዳል ርግጫ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው፣ በሱ ላይ አቁመህ እጅህን ወደ ውስጥ እንዳትሰድ። ሜዳ የሆነ ጠንካራ መሬት ፈልግ፣ ሣርና አፈር ላይ አይሆንም፣ በጋ ላይ የጋለ አስፋልትም ይሰምጣል። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ እሱ የኋላውን ድራም ነው የሚይዘው፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ግጠም፣ ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ በትንሹ አላላቸው፣ በ21 ቁልፍ ነው የሚፈቱት። ከዛ አንስተህ ሻሲው ሥር ስታንድ፣ መኪናውን ተሸክሞ የሚያቆም የብረት ድጋፍ፣ አስገባና ክሪኩን አውርደህ ክብደቱን ስታንዱ ላይ አሳርፍ፣ መኪናውን በሁለት እጅህ ገፋ ገፋ አድርገው፣ ከተነቃነቀ እንደገና ጀምር። የፈታኸውን ጎማ ሻሲው ሥር አጋድመው፣ ስታንዱ ቢከዳህ እንኳ ጎማው ይይዝልሃል። ይሄን ሁሉ ስልህ ያበዛሁ እንዳይመስልህ፣ ሁለት ቶን ገደማ ብረት ነው።

ቀኝና ግራውን ባንዴ አትፍታ፣ አንዱን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው፣ ግራ ከገባህ ያልተነካውን ጎን ሄደህ ታያለህ። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ መሪውን ወደ ውጭ አዙረው ብርሃን ታገኛለህ። አራት ፒስተን ስላለው አንድ ተንኮል አለ፣ ሁለቱንም ሸራ አውጥተህ የአንዱን ጎን ፒስተን ስትገፋ ዘይቱ ዞሮ የወዲያኛውን ጎን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ካልተያዘ እስከ መውጣት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሸራ ብቻ አውጣ፣ የሱን ሁለት ፒስተን ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋ፣ አዲሱን አስገባ፣ ከዛ ሁለተኛውን። ስትገፋ ዘይቱ ወደ ላይኛው የፍሬን ዘይት ዕቃ ስለሚመለስ ክዳኑን ክፈትና እየው፣ ሞልቶ ከሆነ ትንሽ ቀድተህ አውጣለት፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይበላዋል፣ ቶሎ በውሃ እጠበው።

አቧራውን በአፍህም በኮምፕረሰርም እንዳትነፋው፣ የድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ብሬክ ክሊነር የሚሉትን የፍሬን ማጽጃ ንፋበትና በጨርቅ ጥረገው። ዲስኩን በጥፍርህ ዳሰስ አድርገው፣ ጥልቅ ጭረት ካለው ወይ ከሳሳ ሸራ ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፣ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ዲስኩ ላይ ራሱ ተጽፏል። የፍሬን ግራሶ ከሸራው ጀርባና ፒኖቹ ላይ በስሱ ቀባ፣ ፊቱ ላይ ጠብ እንዳትል።

ጎማውን ስትመልስ ቡሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ አጥብቅ፣ መጨረሻ ላይ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ 83 ፉት ፓውንድ። ከዛ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፣ መጀመሪያ ወለል ድረስ ይገባል፣ እየደጋገምክ ስትረግጠው ይጠነክራል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ይሄን ረስቼ ከጋራዥ ወደ ኋላ ሳወጣት ፔዳሉ ባዶ ሆነብኝ፣ በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኳት፣ ከኋላዬ የጎረቤቴ ልጅ ሳይክል ይነዳ ነበር። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይረበሻል። ስለዚህ ፔዳሉ ሳይጠነክር ማርሽ አታስገባ፣ በል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ስታንድም ክሪክም አለኝ፣ የመጀመሪያህን ብቻህን አትሥራ፣ እመጣለሁ። አፓርትመንት ከሆንክ ግን ሊዝህን (የኪራይ ውልህን) አንብብ፣ ብዙ ቦታ ፓርኪንግ ላይ መኪና መሥራት ክልክል ነው፣ እንደዛ ከሆነ እኔ ቤት ና።

ከሚኒያፖሊስ፦

ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እኛ ጋ በረዶና ጨው ስላለ ፒኖቹ እንዲህ ተስበው አይወጡም፣ ዝገት ነው የሚይዛቸው። ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ፒኖቹ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ እደሩ፣ ጠዋት በመዶሻና በቀጭን ብረት ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ አዲስ ፒንና ስፕሪንግ ያለበት ኪት ርካሽ ነው ግዙት። ዲስክ መቀየር ካለባችሁና እምቢ ካለ ደግሞ ብዙ የቶዮታ ዲስክ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ 8 ሚሊ ቡሎን አስገብታችሁ እየተፈራረቃችሁ ስታጠብቁት ራሱ ተገፍቶ ይወጣል፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ሙሉ በመዶሻ ስደበድብ ውያለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ልጆቼ እኔ አዲስ አበባ 22 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አገር ቤት ያለቀ ሸራ አይጣልም ነበር፣ ብረቱ ላይ አዲስ ሸራ በሪቬት ይመታበትና ይመለሳል፣ በተለይ የከባድ መኪና። የዲስክ ሸራ ግን ከነብረቱ ነው የሚቀየረው፣ እንደድሮው አስባችሁ ብር ለመቆጠብ እንዳትሞክሩ።

አሮጌውን ሸራ ስታወጡት ቶሎ አትጣሉት። አራቱንም መሬት ላይ ደርድራችሁ እዩ፣ መኪናው በሽታውን የሚነግራችሁ እዛ ላይ ነው። የውስጡ አልቆ የውጩ ወፍራም ከሆነ ፒስተን ይዟል ማለት ነው፣ የቀኙ አልቆ የግራው ደህና ከሆነም እንደዛው፣ አንዱ ጫፍ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ሸራው መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ነበር። በዚህ ሁኔታ አዲስ ሸራ ብትከቱበት በጥቂት ወር ያልቃል። የፒስተኑ ላስቲክ ተቀዶ ወይ ዘይት አርሶት ካያችሁ ደግሞ እዛው አቁሙና ለባለሙያ ስጡ፣ እሱ የጀማሪ ሥራ አይደለም፣ ማፈርም የለበትም ሰው።

ሌላው የፍሬን ዘይት ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን እዩ፣ ታኮማ ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት ነው። ጎደለ ብላችሁ የሞተር ወይ የመሪ ዘይት ጠብ እንዳታደርጉበት፣ ላስቲኩን ሁሉ አሳብጦ ያበላሸዋል፣ እንደዛ የተደረገ መኪና መጥቶልኝ ሙሉ ፍሬኑን አውርጄ አውቃለሁ።

ከዴንቨር፦

ጋሼ ስለ ዘይቱ ካነሱ አይቀር፣ እኛ ተራራ ላይ ለምንነዳው ነገሩ የሞት የሽረት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፣ ከፈላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ይመስላችኋል፣ መኪናው አይቆምም። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ ሾፌሮቹ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት፣ ፍሬን ላይ እግራቸውን አያስቀምጡም። እዚህም አይሰንሃወር ዋሻን አልፋችሁ በ70 ሀይዌይ ወደ ዴንቨር ስትወርዱ ያው ነው፣ ዋሻው ከባሕር ወለል 3400 ሜትር ላይ ነው፣ ማርሽ ቀንሱ፣ አውቶማቲክም ቢሆን ሁለት ላይ አድርጉት። ሸራ ቀይራችሁ በነጋታው ደግሞ ዕቃ ጭናችሁ ተራራ አትውጡ፣ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፣ ባዶ መንገድ ላይ በ30 ማይል እየነዳችሁ ቀስ ብላችሁ አቁሙ፣ ግማሽ ደቂቃ አብርዱ፣ ድገሙት፣ 30 ጊዜ ያህል። ይሰለቻል ግን ሥሩት።

ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ፦

ወገኖቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ወንድማችን መጥቶ አብረን ሠራነው፣ አራት ሰዓት ፈጀብን፣ ሸራው 44 ዶላር፣ ብሬክ ክሊነርና ግራሶ 15። ጋሼ እንዳሉት አራቱን ደርድረን አየን፣ እኩል ነው ያለቁት፣ ዲስኩም ደህና ነው። ሰኞ ወስጃት በ1 ዶላር አለፈች። ባለቤቴ መጀመሪያ ፔዳሉን ራሷ ረግጣ ካልሞከርኩ አልሳፈርም ብላ ሞክራ ነው የገባችው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ዛሬ ጠዋት ስነሳ ከፊት ሽርር የሚል ድምፅ ነበረ፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስይዝ ጠፋ፣ ምንድነው?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሌሊት ዘንቧል እኮ፣ ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይዞ ነው፣ ሸራው ሲጠርገው ይጠፋል፣ አያሳስብህም። ቀኑን ሙሉ ካልጠፋ ግን ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ስስ ቆርቆሮ ስንሠራ ታጥፋ ዲስኩን ነክታ ይሆናል፣ በእጅ መለስ ትደረጋለች፣ ደውልልኝ። ቡሎኖቹን 50 ማይል ከነዳህ በኋላ በቶርክ ቁልፉ ድገማቸው ያልኩህን እንዳትረሳ፣ ቁልፉ አንተ ጋ ነው ያለው።