ኤፍ-150 ላይ ካምፐር ለመጫን የአየር ከረጢት ይበቃል ወይ?

የኦሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። መኪናዬ ባለ አራት በር ኤፍ-150 ፒካፕ ሲሆን የኋላ የጭነት ሳጥኑ 5 ጫማ ተኩል ነው። በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ያለው ቢጫ ወረቀት 1,540 ፓውንድ ይላል። ሳጥኑ ላይ የሚጫን (ተጎታች ያልሆነ) ያገለገለ ካምፐር፣ ማለትም መኝታ ያለው የጉዞ ቤት፣ አይቼ ወድጄዋለሁ። ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ ሽንት ቤትና ማሞቂያ አለው፣ የተለጠፈበት ባዶ ክብደት 2,050 ፓውንድ ነው። ሻጩ «ባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት አስገባበት፣ ምንም አይልህም» አለኝ። የምንጓዘው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ነው፣ በብርድም ጊዜ መውጣት እንፈልጋለን። ከረጢቱ ይበቃል? ያገለገለ ሲገዛ ምን ምኑ ይታያል? ባትሪስ ምን ያህል ያስፈልጋል? ባለቤቴ ደግሞ ምጣድ መሰካት ይቻል እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

ባሌስትራ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። 1,540 ማለት አንተን ራስህን ጨምሮ መኪናው ላይ የሚወጣው ሰውና ዕቃ ሁሉ ነው። ካምፐሩ ላይ የተለጠፈው 2,050 ደግሞ ውሃ፣ ጋዝና ባትሪ ሳይገባበት ነው፤ ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመሩ ነገሮችም አይቆጠሩበትም። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ስለሆነ 30 ጋሎን ታንክ ሲሞላ 250 ይመዝናል። ባለ 20 ፓውንዱ የፕሮፔን ሲሊንደር ከነብረቱ 37 ገደማ ነው፣ ሁለት ሲሆን 74። ሁለት ኤጂኤም (የታሸገ የእርሳስ) ባትሪ 130። አራታችሁ 520 ብንል፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስና ወንበር 300 ብንል፣ ድምሩ 3,324 ይመጣል። መኪናህ ከሚችለው ከእጥፍ በላይ ነው።

የአየር ከረጢት የመኪናው ኋላ እንዳይቀመጥ ያቀናዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። አክስሉ፣ ቸርኬው፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ቢጫው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርም አይለወጥም። የሚያሰጋኝ መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከአቅም በላይ መጫኑ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ጎማህንም እየው፤ ጎኑ ላይ መጠኑ በፒ ፊደል የሚጀምር ከሆነ የቤት መኪና ደረጃ ጎማ ነው፣ ፒካፕ ላይ ሲገባ የመሸከም አቅሙ ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚቆጠረው።

ከክብደቱ ሌላ ቦታውም አለ። ካምፐሩ ጎን ላይ የክብደቱን መሃል የሚያሳይ ምልክት ትፈልጋለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስት ነው። ሲጫን ያ ቀስት ከኋላ አክስል መሃል ወደ ፊት መዋል አለበት። ለ8 ጫማ የተሠራውን በ5 ጫማ ተኩል ላይ ስትጭነው ቀስቱ ወደ ኋላ ያልፋል። ያኔ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪው ይላላል፣ የፊት መብራትህ ሽቅብ እያበራ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። በአይ-70 ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ላይ ፍሬን የሚይዙት በዋናነት የፊት ጎማዎች ናቸው፣ እነሱን ማቅለል አይገባም።

ኤፍ-150ውን አልለውጥም ካልክ የሚሆንህ ጣሪያው የሚነሳ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ካምፐር ነው። 600 ፓውንድ የሚመዝን ብታገኝ ከእናንተ 520፣ ከ7 ጋሎን ውሃ 58፣ ከአንድ ሊቲየም ባትሪ 28 እና ከ200 ፓውንድ ዕቃ ጋር 1,406 ይሆናል። ይገባል፣ ግን ሽንት ቤቱም ማሞቂያውም የለም፣ ለአራት ሰው መኝታም ይጠብባል። ያየኸውን ዓይነት ካምፐር ከፈለግክ መኪናው ይለወጥ፦ ባለ 8 ጫማ ሳጥን፣ ኤፍ-350 ወይም 3500 የሚባለው ደረጃ፣ ቢቻል ቤንዚን። ዲዝሉ ሞተር በራሱ ክብደት ጥቂት መቶ ፓውንድ ከመጫን አቅሙ ይበላል። በኤፍ-250 አትታለል፤ ብዙዎቹ ከነጭነታቸው ጠቅላላ ክብደታቸው 10,000 ፓውንድ ላይ ስለተገደበ ቢጫው ወረቀታቸው ከምትጠብቀው ያንሳል።

ደረቅ ጣሪያ፦
ስለ ክብደቱ ተብሏል። እኔ የምለው ካምፐሩን ስትመረምር ከመኪናው ላይ አውርደው በክሪኮቹ ላይ ያቁሙልህ።

ብዙ ያገለገለ ካምፐር አጥንቱ እንጨት ነው፣ የሚገድለውም ውሃ ነው። በመጀመሪያ ከጋቢናው በላይ ወደ ፊት የወጣው መኝታ ጋ ግባ። ፍራሹን አንሣና ሁለቱን የፊት ማዕዘኖች በአውራ ጣትህ ጫን። ደህናው ኮምፔንሳቶ ጣትህን ይመልሰዋል። የበሰበሰው እንደ ረጠበ ካርቶን ጎድጎድ ይልና ጣትህን ስታነሣ ቶሎ አይመለስም፤ ሻጋታውም ይሸትሃል። አዲስ ቀለም ወይም አዲስ ልጣፍ እዚያ ማዕዘን ላይ ብቻ ካየህ ጠርጥር። ቀጥሎ ክሪኮቹ የታሰሩባቸውን አራት ማዕዘኖች ተመልከት። ብሎኖቹ ዙሪያ ዝገት የወረደበት መስመር ካለ፣ ወይም የክሪኩ ማሰሪያ ከግድግዳው ትንሽ ከተላቀቀ፣ ውስጡ ያለው እንጨት ብሎን መያዝ ትቶአል ማለት ነው። የካምፐሩ ሙሉ ክብደት የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ስለሆነ ዋጋው ቢቀንስም አልገዛውም።

ጣሪያው ላይ ወጥተህ ማስቲሹን እይ። ሲሊኮን የተለቀለቀበት ካምፐር ያስቸግራል፤ ሲሊኮን ሲላቀቅ ሌላ ማስቲሽ በላዩ አይይዝም፣ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ። ትክክለኛው አሠራር ከአየር መውጫው ከንፈር ሥር ቡቲል ቴፕ (የሚጣበቅ ለስላሳ የጎማ ቴፕ)፣ ከላይ ደግሞ ለጎማ ጣሪያ የተሠራ፣ ፈሶ ራሱን የሚያስተካክል ማስቲሽ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ መታየት አለበት።

12 ቮልት፦
ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ።

ማቀዝቀዣው ባለ ኮምፕረሰር የ12 ቮልት ከሆነ በቀን 40 አምፒር ሰዓት (የባትሪ መጠን የሚለካበት) ገደማ ይበላል። የጋዝ ማሞቂያው ነፋሻ ሲሠራ 3 አምፒር ተኩል አካባቢ ይስባል፤ ሌሊቱን ግማሹን ሰዓት ቢሠራ 17 ነው። መብራትና ስልክ 8። ስለዚህ በቀን 65። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ አንድ ቀን ተኩል ያቆይሃል፤ ሁለት ብታደርግ አትጨነቅም።

ሰው የሚሳሳተው ሲሞላው ነው። በ7 እግሩ የተጎታች ሶኬት ይሞላል ብለው ይተዉታል። ሽቦው ቀጭን ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ቮልቱ ካምፐሩ ጋ ሲደርስ ወርዶ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ተነድቶም አይሞላም። ባለ 30 አምፒር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (የወረደውን ቮልት ከፍ አድርጎ ባትሪውን የሚሞላ) ካምፐሩ ውስጥ ከባትሪው አጠገብ አስገባ፤ ከመኪናው ባትሪ ወፍራም፣ 6 ጌጅ ሽቦ ሳብ፤ በሁለቱም ጫፍ፣ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ፣ ባለ 60 አምፒር ፊውዝ ይግባ። በሁለቱም ጫፍ ያልኩት ሁለቱም ወገን ባትሪ ስላለው ነው። ካምፐሩ ሲወርድ እንዲላቀቅ በመሃል ባለ 50 አምፒር አንደርሰን ሶኬት አድርግለት። ሁለት ሰዓት ስትነዳ 60 አምፒር ሰዓት ገደማ ይመለስልሃል።

በብርድ ስለምትወጡ፦ ሊቲየም ከ32 ፋራናይት በታች ቻርጅ ከተደረገ ሴሎቹ ይጎዳሉ፣ ጉዳቱም አይመለስም። ባትሪውን ከውጭ ሳጥን አውጥተህ ማሞቂያው በሚደርስበት ከአልጋ ወይም ከመቀመጫ ሥር አድርገው፣ ወይም ራሱን የሚያሞቀውን ዓይነት ግዛ።

ለእመቤቲቱ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። በኢንቨርተር (የባትሪን መብራት ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው) በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ወደ 140 አምፒር ይመጣል። ብዙዎቹ ባለ 100 ሊቲየሞች ከ100 አምፒር በላይ ሲሳቡ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የካምፕ ቦታው መስመር ካለው ሰክታችሁ መጋገር ይቻላል፤ አለበለዚያ እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይምጣ።

ቡናውን በተመለከተ ግን አደራ። ከሰል ካምፐር ውስጥ አይግባ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ ፍሙ አልቋል ተብሎም ቢሆን። የከሰል ጭስ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቦታው ደግሞ ከአንድ መኝታ ክፍል ያነሰ ነው። ጀበናው ውጭ ይፈላ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እይ፤ አብዛኞቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግሉት። የፕሮፔን ማንቂያው ደግሞ ወለሉ አጠገብ መሆን አለበት፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው።

የኦሮራው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ካምፐሩን ተውኩት። ባለ 8 ጫማ፣ ቤንዚን ኤፍ-350 እየፈለግኩ ነው፣ ካምፐሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ካምፐሩ ከሳጥኑ ጋር የሚታሰረው እንዴት ነው? በቺንጊያ ይሆናል የሚል ሰው አለ።

ባሌስትራ፦
በቺንጊያ አይሆንም፣ እየነዳህ ይላላል። ከ2017 ጀምሮ የኤፍ-350 ሳጥን አሉሚኒየም ስለሆነ ከባድ ካምፐር በሳጥኑ ጠርዝ አይታሰር፤ ከሻንሲው ላይ የሚወጣ ማሰሪያ አስገባ። ለመኪናው ዓመትና ለሳጥኑ ርዝመት ተለይቶ የሚሠራ ነው። ከማሰሪያው እስከ ካምፐሩ ድረስ ስፕሪንግ ያለው ተርንበክል (እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ)፣ አራት። ስፕሪንግ የሌለው፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ የካምፐሩን ማሰሪያ ከእንጨቱ ነቅሎ ያወጣዋል።

ሳጥኑ ውስጥ የፕላስቲክ ልባስ ካለ አውጣው፣ ያንሸራትታል። በምትኩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፍ። የኋላ ስፖንዳውን ንቀል። ስትጭን ደልዳላ መሬት ፈልግ፤ አራቱን ክሪኮች እኩል አንሣ፣ የፊቱ ከኋላው ትንሽ ከፍ ይበል። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሁለት የጎማ ጉብታዎች ጋር ያለውን ክፍተት እያየ ይምራህ፣ አንተ በዝግታ ወደ ኋላ ግባ። ክሪኮቹን ጥቂት ጥቂት እያፈራረቅህ አውርድ፤ አንዱ ማዕዘን ቀድሞ ከወረደ ክብደቱ በሰያፍ በሁለት ክሪኮች ላይ ይቀርና ይጎብጣሉ። ካምፐሩ በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም እንዳይተኛበት።

ከዚያ ውሃውን ሞልተህ፣ ቤተሰቡን አሳፍረህ ወደ ካት ስኬል (የከባድ መኪና ሚዛን) ሂድ፣ ትልልቆቹ የከባድ መኪና ማደያዎች ጋ አለ። የፊትና የኋላ አክስልን ለየብቻ ይመዝንልሃል። የኋላውን ቁጥር በር ቋሚው ላይ ካለው የኋላ አክስል ገደብ ጋር አስተያይ፤ የፊቱ ደግሞ ካምፐሩ ሳይጫን ከነበረው እንዳያንስ። መጀመሪያ 30 ማይል ከነዳህ በኋላ ቆመህ አራቱንም ተርንበክል በእጅህ ፈትሽ፣ ሁሌም ትንሽ ይላላሉ፤ ከዚያ ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር።