ያለ መኪና፣ እናትን ይዞ ወደ ተራራ

ሰላም ለሁላችሁ። ዙሪክ ከገባን ገና ነው፤ መኪና የለንም። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች፣ ሁለት ልጆችም አሉ። ቅዳሜ ተራራ ላሳያት አስቤያለሁ። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አይሆንላትም። የት ይሻላል?

—

እንኳን በሰላም መጡልሽ! እኔ ብሆን ላውተርብሩነን የምትባል የተራራ ሸለቆ መንደር ነው የምወስዳቸው። ከዙሪክ በርን፣ ከበርን ኢንተርላከን ኦስት፣ ከዚያ በትንሿ ባቡር ሃያ ደቂቃ። እዚህ ጋ ንቁ፤ ባቡሯ መንገድ ላይ ለሁለት ትከፈላለች። ግማሿ ላውተርብሩነን፣ ግማሿ ግሪንደልቫልድ ትሄዳለች። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሳታዩ ዘው ብላችሁ አትግቡ። ልጆቹ አንዱ ጋ፣ እማማ ሌላው ጋ ከገቡ ጉድ ነው።

ላውተርብሩነን ጣቢያው አጠገብ ኬብል ካር አለ። ዳገቱን እሱ ይጨርስላችሁና ግሩችአልፕ የሚባል ጣቢያ ያወጣችኋል። ከዚያ ሙረን የምትባል የተራራ መንደር ድረስ በእግር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ መንገዱም ለስላሳ። አይገር፣ ሞንክና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ከማዶ ቆመው ያጅቧችኋል። እኔ ግን መንገዱን የምወደው በባቡሩ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከእግር መንገዱ ብዙም አይርቅም፤ መሀል ላይ ቪንተርኤግ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ሻይ ቡናም አይጠፋም። እማማ ደከማቸው? እዚያ ይሳፈሩና ሙረን ትገናኛላችሁ።

ስለ ከፍታው አትስጊ። ሙረን 1,638 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ብርዱ ነው ሌላ ነገር፤ በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

ታፔላው ቢጫ ብቻ ከሆነ ተራ የእግር መንገድ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም ካየሽ የተራራ መንገድ ነውና ለእናትሽ አይሆንም። የተጻፈው ሰዓት ደግሞ እረፍትን አይቆጥርም። የእኛ ሰው ፎቶ ስለሚወድ እጥፍ አድርገሽ አስቢው።

ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምሪ። ከሙረን ወደ ዙሪክ የምትመለሱበትን ሰዓት ኤስቤቤ (የስዊስ ባቡር) አፕ ላይ አይተሽ፣ ከእሱ ቀደም የሚለውንም ያዢ።

—

እኔም ልጨምር። ሽፓርታገስካርተ የሚባለውን የቀን ትኬት ቀደም ብለሽ ከገዛሽው ይረክሳል፤ ሃልብታክስ (የግማሽ ዋጋ ካርድ) ካለሽ ደግሞ ይበልጥ። እስከ ሙረን ያደርሳችኋል። ለልጆቹ ዩኒዮርካርተ የሚባለውን የልጆች ካርድ አውጪላቸው፤ 16 ዓመት እስኪሞላቸው ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ።

ችግሩ ያ ርካሽ ትኬት ብሩን አይመልስም። ጉም ከወረደ ደግሞ ተራራው የለም፣ ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ትንበያውን እዪ፣ ዓርብ ግዢ። ትንሽ ጨምረሽ ትከፍያለሽ እንጂ እማማ ተራራ ያያሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የሙረንን ቀጥታ ካሜራ ክፈቺ። ተራራው በጉም ተዘግቶ ካገኘሽው በዚያው ትኬት ሉሰርን ሄዳችሁ በጀልባ ተንሸራሸሩ።