የጥሩር ሥራ የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁን እናርመው

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ ይኸውና። ለስድስት አባላት በየሰውነታቸው ልክ የምናብ ዓለም ጥሩር (የጦረኛ የደረት መከላከያ ልብስ)፣ የፊትና የጀርባ፣ ይሠራል። ንድፉ ከጋሻ ጌጥ፣ ከለምድና ከጎፈር ይነሣል። የሥራው ቅደም ተከተል፦ በአባሉ ሰውነት ላይ በጄሶ ፋሻ ቅርፊት ይሠራል፤ ከቅርፊቱ የሰውነቱ የጄሶ ቅጂ ይወጣል፤ በቅጂው ላይ ጥሩሩ በጭቃ ይቀረጻል፤ ከጭቃው ሻጋታ ይወሰዳል፤ ጥሩሩ በሻጋታው ውስጥ በፋይበር ግላስ ይወጣል። ቦታው ሱሉልታ፣ የሚጀመረው ሐምሌ 1። ለአንድ ሰው 4 ጥቅል የጄሶ ፋሻ፣ በድምሩ 24፤ አልጂኔት (በውሃ ተበጥብጦ የሰውነት ልክ የሚቀዳበት ዱቄት) 12 ኪሎ፤ ሲሊኮን (የሚተጣጠፍ የሻጋታ ጎማ) 18 ኪሎ። ለራስ ቁር የፊት ልክም አብሮ ይወሰዳል። የምታርሙትን አርሙ፤ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ከጄሶ ሥራ፦
ሰብሳቢያችን፣ ሐምሌና ሱሉልታ አንድ ላይ አይሆኑም። ጄሶ መጠንከሩና መድረቁ ለየቅል ነው። በግማሽ ሰዓት ይጠነክራል፤ የያዘው ውሃ ግን በበጋ በቀናት፣ በክረምት በሳምንታት ነው የሚወጣው። እርጥብ ሻጋታ ላይ ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበር ግላሱን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ፕላስቲክ) ከተቀባ ጄሶውን የነካው ፊት ሳይደርቅ እየተጣበቀ ይቀራል፤ የሚጎዳው ደግሞ የሚታየው ፊት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይሁን፤ ቦታውም ዝቅ ወዳለውና ወደሚሞቀው ወደ ገላን ወይም ዱከም ይዛወር። መድረቁ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም፤ ሻጋታው በየቀኑ ይመዘን፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እሳት አጠገብ የሚያስቀምጥ ካለ ይተው፤ ሙቀት ሲበዛበት ጄሶው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ፋሻውም አይበቃም። የአንድ ሰው ደረትና ጀርባ ከነትከሻው 0.7 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አራት ንብርብር ሲሆን 2.8 ካሬ ሜትር። 15 ሴንቲ ሜትር በ2.7 ሜትር የሆነው ጥቅል 0.4 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሰባት ጥቅል ሆነ፤ ለመደራረቢያና ለጠርዝ ማጠንከሪያ ሦስት ሲጨመር አሥር። በ4 ጥቅል የሚሠራ ቅርፊት ከሰውነት ሲላቀቅ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ ልክ መሆኑ ቀረ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከ24 ወደ 60? ከየት ይምጣ?

ከጄሶ ሥራ፦
ከአልጂኔቱ። አልጂኔት የቆዳን መስመር እስከ ቀዳዳው ይቀዳል፤ ጥሩር የሚለብስ ሰው ግን የቆዳ መስመር ምን ያደርግለታል? የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት በሁለት ሦስት ደቂቃ ይረጋል፤ ለደረት የሚሆን ጊዜ አይሰጥም። ውሃው ሲለቅ ስለሚኮማተርም ወዲያው ካልተሞላ ልኩን ያጣል። ይሰረዝ።

ከሸክላ ቅርጽ፦
ሲሊኮኑም ይሰረዝ። የደረት ጥሩር የተቆለፈ ጎድጓዳ ከሌለው በጄሶ ሻጋታ ይወጣል። የሚያስቸግረው ብብት ሥር ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ሻጋታው ይነክሰዋል፣ ወይ ጥሩሩ ወይ ሻጋታው ይሰበራል። ጠርዙ ከመታጠፉ በፊት ይቁም፤ ጎኑ በቆዳ ማሰሪያ ይያያዝ። ለመተንፈስም ይኸው ይሻላል።

ጭቃውን ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እንግዛ፤ ጠጠሩ ግን በወንፊት ይውጣ። ደረቅ ጄሶ ላይ እርጥብ ጭቃ ከተለጠፈ ጄሶው ውሃውን ይመጥና ጭቃው ተሰንጥቆ ይላቀቃል። ስለዚህ የሰውነቱ ቅጂ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ጎማላካ (የእንጨት ማወልወያ ቫርኒሽ) ይቀባ። ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅ፣ በላዩም ላስቲክ ይልበስ።

ሁልጊዜ የሚረሳው ውፍረቱ ነው። ፋይበር ግላሱ የሚነጠፈው ሻጋታው ውስጥ ስለሆነ ውፍረቱን የሚይዘው ወደ ሰውየው ነው፦ ፋይበሩ 3 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ፎም 10፣ ሸሚዝ 2። ጭቃው የትም ቦታ ከ15 ሚሊ ሜትር መሳሳት የለበትም። አለዚያ ጥሩሩ ለቅጂው እንጂ ለባለቤቱ አይሆንም።

ከልብስ ስፌት፦
የታችኛው ጠርዝ በወገብ ቅጥነት ላይ ያብቃ፣ ወደ ዳሌ አይውረድ። ወደ ዳሌ ከወረደ ሰውየው ሲቀመጥ ጥሩሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ጉሮሮውን ይይዘዋል። የብብት መቁረጫው ደግሞ ሁለት እጅ ፊት ለፊት እስኪጣመር ድረስ ይለካ። ልክ ሲወሰድ በመቆም እንጂ በመተኛት አይሁን፤ ተኝቶ የተወሰደ ደረት ጠፍጣፋ ነው።

እህቶቻችንን በሚመለከት፣ የሴቶችን ልክ ሴቶች ብቻ ይውሰዱ፤ የተጋረደ ክፍል በረቂቁ ይጻፍ። ለሁሉም ከሥር ያረጀ የሚጣበቅ ካናቴራ፣ ላዩ ላይ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ። ባዶ ቆዳ በሆነበት ሁሉ፣ በተለይ ፀጉር ባለበት፣ ቫዝሊን። ቅርፊቱን ፊትና ጀርባ ለይተን እንሥራው፤ በመገናኛው ላይ ምልክት ይደረግ።

ሰብሳቢ፦
ቆሞ የሚቆየው ስንት ደቂቃ ነው?

ከጄሶ ሥራ፦
ሁለት ሰው ከሠራው 40 ደቂቃ ገደማ። ጉልበቱን ገትሮ የቆመ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሳይበላ አይምጣ፣ የሚደገፍበት ነገርም አጠገቡ ይኑር። አስም ያለበት አስቀድሞ ይናገር። የፊቱ ልክ በዚህ ዙር ይቅር፤ ለራስ ቁር የጭንቅላት ዙሪያ በሜትር ይበቃል። አንድ ነገር በደማቅ ይጻፍልኝ፦ እጅም ሆነ እግር በጄሶ ባልዲ ውስጥ አይነከርም። ጄሶ ሲረጋ ይሞቃል፤ ወፍራም ሲሆን ሥጋ እስኪያበስል ይሞቃል። በስስ ፋሻ ግን ለብ ከማለት አያልፍም።

ቅጂው ድፍን አይሁን፤ ከመሬት የሚያነሣው አይገኝም። ቅርፊቱ ውስጡ በሳሙና ይቀባና ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት በቃጫ እየተጠናከረ ይሠራ። ለአንዱ 13 ኪሎ ጄሶ በ9 ሊትር ውሃ። ዱቄቱ ወደ ውሃው ይነስነስ እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አይፍሰስ። የባልዲው ግድግዳ ላይ የቀረ የደረቀ ጄሶ አዲሱን ስለሚያፈጥነው ባልዲው በየዙሩ ይታጠብ፤ እጣቢው ወደ ፍሳሽ ቱቦ አይሂድ።

ከፋይበር ሥራ፦
ለአንድ ሰው በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት (የፋይበር ግላስ ንጣፍ) በሁለት ንብርብር፣ 630 ግራም ይሆናል፤ ሬዚን ከብክነቱ ጋር 2 ኪሎ፣ ማጠንከሪያው 1.5 ከመቶ፣ ማለትም 30 ግራም። ሻጋታው ጎማላካ፣ ከዚያ አራት ዙር ሰም ይቀባል። ሬዚኑ ኮባልት (ማጠንከሪያውን የሚያፋጥነው ፈሳሽ) አስቀድሞ ያልገባበት ከሆነ ኮባልቱ መጀመሪያ ይቀላቀል፣ ማጠንከሪያው በኋላ። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ አንድ መደርደሪያ ላይም አይቀመጡ። ሽታው ጎረቤት ስለሚያስነሣ ግድግዳው ክፍት የሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ይፈለግ። የምንሠራው ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በኅዳር ብርድ ማታ የተቀባ ሬዚን ጠዋትም እንደረጠበ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ለሁሉም ፋይበር ግድ ነው? በፎምና በማስቲሽ የሚወጣ የለም?

ከሸክላ ቅርጽ፦
ይወጣል፣ ያውም በርካሽ። ቅጂው ላይ ላስቲክና ፕላስተር ተለጥፎ፣ መስመሩ ተሥሎ፣ ተቆርጦ ሲነጠፍ የፎሙ ፓተርን (የመቁረጫ ልክ) ነው፤ ጭቃም ሻጋታም አይፈልግም። የጋሻ ጌጥ ጉብታ የሚፈልጉት ሁለቱ ንድፎች በፋይበር፣ የቀሩት አራቱ በ10 ሚሊ ሜትር ፎም ይሁኑ። ማስቲሹ ሁለቱም ፊት ተቀብቶ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቅ፤ በእርጥቡ ከተገጠመ ነገ ይከፈታል።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው እንዲህ አስተካክያለሁ፦ ፋሻ 62 ጥቅል፣ ሁለቱ ለሙከራ። ለቅጂ ጄሶ 80 ኪሎ፤ የሁለቱ ሻጋታ ጄሶ ገና አልገባም። ሬዚን 4 ኪሎ፣ ማት 1.3 ኪሎ። አልጂኔትና ሲሊኮን የለም። ገላን ውሃ ቢጠፋ ሮቶ ያለው ግቢ ያስፈልገናል፤ ኪራዩን የሚያጣራ ሁለት ሰው እስከ ቅዳሜ ይመዝገብ።