ጥያቄ፦ የታዳጊዎች ኳየራችንን በአንድ ዓመት ወደ ስምንት ትምህርት ቤት እናስፋ ወይስ እንቆይ?

ቅዳሜ ከሰዓት (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት እመራለሁ። ከ10 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በኳየር እንዲዘፍኑ እናሠለጥናለን፤ በነፃ ነው። ሃይማኖታዊ አይደለም። የሕዝብ ዘፈን፣ የዘመን መለወጫ ዘፈንና ለልጆች የተሠሩ አዳዲስ ዜማዎች ናቸው የምንዘፍነው። ልምምዳችን ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

አሁን አንድ ለጋሽ መጥቶ «በአንድ ዓመት ስምንት ትምህርት ቤት ግቡ፣ ማጠቃለያው ትልቅ ኮንሰርት ይሁን» ብሎናል። ገንዘቡ ያስጎመጃል። ግን ኳየር መምራት የሚችል አሠልጣኝ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ መደበኛ ሥራ አለው። አልቀበልም ብል ሌላ ለጋሽ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ብቀበል ደግሞ ልጆቹ ለይስሙላ ተሰልፈው አፋቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ነገር እንዳይሆን እሰጋለሁ። እነዚህ ልጆች ከዚያ የተሻለ ይገባቸዋል።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉኝ። ለአሠልጣኝ የምንከፍለው አስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ ይገባል የሚሉን ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው? ወንዶቹ ድምፃቸው መጎርነን ሲጀምር ይጠፉብናል፤ ምን ይደረጋል? ወላጆችም «ከጀርባችሁ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው?» እያሉ ይጠይቁናል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

ሶልፌጅ

እህቴ፣ የሙዚቃ መምህር ነኝ። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ገንዘቡን ተቀበይ፣ ዕቅዱን ግን አስቀይሪ። የጎደለሽ የሚዘፍን ልጅ አይደለም። ልጅ ሞልቷል። የጎደለሽ ፊታቸው ቆሞ የሚመራ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መሪዎች ማፍሪያ ይሁን።

እንዲህ አድርጊ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ መምህር ጠይቂ። የግድ የሙዚቃ መምህር መሆን የለበትም። ልጆች የሚወዱትና ዜማ የማይስት ይሁን። ሚኒ ሚዲያውን ወይም የኪነ ጥበብ ክበቡን የሚመራው መምህር ብዙ ጊዜ ለዚህ ይሆናል። በመጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ያንቺን ኳየር ይዩ። ቀጥሎ ድምፅ ማሟሟቂያውን ብቻ ይምሩ። ከዚያ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተምሩ፤ አሠልጣኝሽ ከኋላ ተቀምጦ ይያቸው። ወደ ራሳቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ይኼን ካለፉ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ከተጀመረ ለአንድ ዓመት በቂ ነው።

ፒያኖ የለንም፣ ኖታ ማንበብ አንችልም ብላችሁ አትጨነቁ። የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ያስፋፋው የመዝሙር ትምህርት ዘዴ የሚነሳው ከልጆቹ አገር የሕዝብ ዘፈን ነው። በመጀመሪያ የሚጠቀመውም አምስት ድምፅ ያለውን ስኬል (ቅኝት) ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይኼ እኮ የኛው ትዝታ ሜጀር ነው! ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ አለ። ለእያንዳንዱ ድምፅ የእጅ ምልክት አለው፤ መምህሩ በእጁ እያሳየ ያለ ምንም መሣሪያ ያስተምራል።

ሌላም ጥቅም አለው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም በጣም ተጠጋግተው የሚጋጩ ሁለት ድምፆች፣ የለም። ስለዚህ ልጆቹን ለሁለት ከፍለሽ አንዱ ቡድን ሲጀምር ሌላው ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ዜማ ቢከተለው ብዙም አይጋጭም። ልጆቹ ሁለት ድምፅ ሆነው መዝፈናቸውን የሚሰሙት በዚህ ነው። ያቺን ቅጽበት ፊታቸው ላይ ማየት አለብሽ። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን ለኋላ አቆዪው። የተጠጋጉ ድምፆች ስላሉት ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል።

ፕሮጀክት ጸሐፊ

ከሶልፌጅ ጋር በከፊል አልስማማም። ለጋሽ ብዙ አይጠብቅም። «ስምንት» ላለ ሰው «ሁለት» ብሎ መመለስ በር መዝጋት ነው። ስምንቱንም ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ቀን አስገቢያቸው፤ ግን በመምህራኑ በኩል። ስምንት መምህራን እየሠለጠኑ ነው ማለት ስምንት ትምህርት ቤት ገብተናል ማለት ነው። ውሸት የለበትም፣ ለጋሹም ቁጥሩን ያገኛል።

ሪፖርት ላይ የምትቆጥሪውን ነገርም አሁኑኑ ተስማሚበት። መድረክ ላይ የቆመ ልጅ ብዛት ብቻ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ለመድረኩ ስትሮጪ ነው የምትከርሚው። «ልምምድ ብቻውን መምራት የቻለ መምህር»፣ «ከመስከረም እስከ ሰኔ ሳያቋርጥ የቆየ ልጅ» የሚሉ መለኪያዎችን አስገቢ። የምዝገባና የክትትል መዝገብ ካለሽ ይኼ ቀላል ነው።

ሶልፌጅ

በዚህስ እስማማለሁ። መምህራኑ ሳይበቁ ልጅ አትመዝግቡ እንጂ።

ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ የአስተዳደራዊ ወጪውን ጉዳይ ላስረዳሽ። በብዙ ድርጅቶች ላይ የሚፈጠር ብዥታ ነው። ብዥታው የመጣው ከቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። በዚያ ጊዜ 70/30 የሚባለው መመሪያ ነበር፤ ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ይዋል የሚል። የሥልጠናና የጉዞ ወጪ ሳይቀር አስተዳደራዊ እየተባለ ብዙ ድርጅት ተቸግሯል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ለውጦታል። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አስተዳደራዊ የሚባለው ደግሞ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው፤ የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎትና የመሳሰሉት። ልጆቹን የሚያሠለጥነው ሰው ክፍያ ዓላማችሁን የሚፈጽም የፕሮግራም ወጪ ነው።

ይኼ ግን በወረቀት መደገፍ አለበት። አሠልጣኙ ውል ይኑረው። ውሉ ላይ ሥራው «የኳየር ሥልጠና» ተብሎ ይጻፍ። የልምምድ ቀናት የፊርማ መዝገብ ይያዝ። የመምህራኑ የትራንስፖርትና የምሳ አበልም እንደዚሁ። በጀቱን ስታዘጋጂ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ያለውን የወቅቱን መመሪያ ለማየት አንድ ቀን ሂጂ።

በዚሁ አዋጅ ድርጅታችሁ ገቢ በሚያስገኝ ሥራ መሠማራት ይችላል፤ ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም እንጂ። የኮንሰርት ትኬትም ሆነ ለሠርግና ለምረቃ ተጋብዞ መዝፈን ቀስ በቀስ ከአንድ ለጋሽ ጥገኝነት ያወጣችኋል። ፈቃዱንና ግብሩን ግን አስቀድመሽ ጨርሺ።

የድሮ አልቶ

እኔ በልጅነቴ ኳየር ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ ሲጎረንን «ለጊዜው ቁጭ በል» ተባልኩ። ቁጭ ያልኩት ለዓመታት ነው። ስለዚህ እባክዎ ወንዶቹን ቁጭ አያድርጓቸው።

ድምፅ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ልጁ በምቾት የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። ለዚያ ጥቂት ድምፅ የሚሆን ክፍል ይሥሩለት። አራት አምስት ኖታ ያላት፣ የምትደጋገም፣ ከዜማው ሥር የምትሄድ መስመር ትበቃዋለች። በየጊዜው ድምፁን ለብቻው ይስሙት እንጂ ሌሎች ፊት አይሁን። ሲሰነጠቅበት ሌሎቹ እንዳይስቁ ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር። እንዲጮህም አያስገድዱት፣ ጉሮሮው ይጎዳል። አንዳንዱን ደግሞ ከበሮ ያስይዙት፤ እየመታ ይዘፍናል።

የሦስት ልጆች እናት

ስለ ወላጆች እኔ ልናገር። እኛ የምንፈራው ልጃችን ሳናውቅ ወደ ሌላ እምነት እንዳይሳብ ነው። ፍርሃቱን አትናቂው። ሰፈራችሁ ውስጥ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣ አለ፣ ቸርች ኳየር ውስጥ ያደገ አለ፣ ነሺዳና መንዙማ እየሰማ ያደገ አለ። ሁሉም ጆሮው የተገራ ልጅ ነው፤ ለናንተ ትልቅ ሀብት ነው።

የሚያረጋጋን ነገር ቀላል ነው። የምትዘፍኑትን ግጥም ሁሉ ጽፋችሁ ቤት ላኩ። ወላጅ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ልምምድ ይይ። ዓርብ እኩለ ቀንና እሑድ ጠዋት ልምምድ አታድርጉ። አበባየሆሽ የዘመን መለወጫ ስለሆነ ብዙ ሰው አይቃወመውም። ሆያ ሆዬ ግን ከቡሄ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወላጆችን ጠይቃችሁ ብትወስኑ ይሻላል። ሁለቱም አንዱ እያወጣ ሌላው የሚቀበልባቸው ስለሆኑ ለጀማሪ እንደሚመቹ ይገባኛል።

ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በዝግ ክፍል አይሁን። ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የልጅ ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ይኼን ያየሁ ጊዜ ነው ልጄን በሙሉ ልብ የምልከው።

ከሜሪላንድ

ከዲሲ አካባቢ የሚረዳችሁ ሰው ብትፈልጉ አንድ ነገር እወቁ። እዚህ አሜሪካ ሰው በቀጥታ ለውጭ አገር ድርጅት የሰጠው ገንዘብ በአጠቃላይ ከግብር አይቀነስለትም። ስለዚህ እዚህ ተመዝግቦ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ፈልጋችሁ በሱ በኩል ማሰባሰብ ይሻላል። ያ ድርጅት ገንዘቡን መቆጣጠርና መከታተል ስላለበት ደረሰኝ በወቅቱ ላኩለት።

ቅዳሜ ከሰዓት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የወጪውን ጉዳይ ስላስረዱኝ በተለይ አመሰግናለሁ። የድሮ አልቶ፣ የጻፍከውን ለአሠልጣኛችን አነበብኩለት፤ ለወንዶቹ የሚሆን መስመር መጻፍ ጀምሯል።

ለለጋሹ እንዲህ ልጽፍ ነው፦ ከስምንቱም ትምህርት ቤቶች መምህራን እንወስዳለን፤ ክረምት ላይ እናሠለጥናቸዋለን። ከመስከረም ጀምሮ ሦስት ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የቀሩት መምህራኑ ሲበቁ ይከተላሉ። ኮንሰርቱ ሰኔ ላይ ስለሚያርፍ ከ6ኛ፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጋር ይጋጫል፤ ወደ ግንቦት መጀመሪያ ይምጣ እላለሁ። አዳራሽ ካልተገኘ የሰፈራችን እድር ድንኳንና ወንበር ሊያበድረን ፈቅዷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የታወቀ ዘፋኝ የቆየ ዘፈን ለኳየር አቀናብረን ብንዘፍን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ፕሮጀክት ጸሐፊ

አዎ፣ በተለይ ትኬት ከሸጣችሁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ማቀናበርም ፈቃድ ይጠይቃል። ግጥሙን የጻፈውና ዜማውን የደረሰው ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ የተለዩ ሰዎች ስለሆኑ ሁለቱንም አግኟቸው። ለልጆች ነው ስትሏቸው ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ፤ ግን በጽሑፍ ተቀበሉ።