አስቸኳይ፦ በሁለት ጎረቤት ኤርፖርቶች መካከል 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ይለኛል!

ንጋት_ነኝ፦ ኤክሴሉ አበደብኝ! የሁለት ትንንሽ ኤርፖርቶችን ርቀት በሃቨርሳይን ቀመር (ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ተነስቶ ርቀት በሚያወጣው) ሳሰላ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ይለኛል። ያውም አንድ አገር ውስጥ ናቸው። ሰንጠረዡን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ የበረራ ሰዓቱንም በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ብዬ፣ ርቀቱን ለ500 አካፍዬ ነው የማወጣው። እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ!

ደመና_ላይ፦ በዓለም ጀርባ ዞሮ ከሆነ የሚሄደው ልክ ነው ሃሃሃ

አንጋፋው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ምድር ድቡልቡል ነች፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሰመርሽው መንገድ ሁልጊዜ አጭሩ አይደለም። በአቪዬሽን ርቀት የሚለካው በኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1852 ሜትር። ፍጥነት ደግሞ በኖት፣ ማለትም በሰዓት ስንት ኖቲካል ማይል እንደሚሄድ። የዛሬ ልጆች ይህን ሳያውቁ ኤክሴል ይከፍታሉ።

ንጋት_ነኝ፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ኤክሴሉስ?

እኔ_ልሞክር፦ ፋይሉን ዘግተሽ ክፈቺው።

ቀመረኛ፦ ኬክሮስና ኬንትሮሳቸውን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ?

ንጋት_ነኝ፦ ውይ። ኬክሮሱ የአንዱ 9.50፣ የሌላው 12.50። ኬንትሮሳቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ቀመረኛ፦ ተገኘ። ልዩነቱ 3 ነው፤ 3 በምድር ራዲየስ፣ በ6371 ሲባዛ 19,113። ያንቺው ቁጥር! ኤክሴል ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላው በራዲያን፣ በሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው፣ አንቺ ዲግሪ ሰጠሽው። ኬክሮሶቹንም ልዩነቶቹንም ራዲያንስ በሚለው ፈንክሽን ውስጥ አስገቢያቸው። ለማመሳከሪያ፦ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 1 ዲግሪ 60 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። 3 ዲግሪ 180፣ ማለትም ወደ 333 ኪሎ ሜትር።

እኔ_ልሞክር፦ ካልሆነ ኮምፒውተሩንም አጥፍተሽ አብሪው።

መንገድ_ወዳድ፦ ለመሆኑ ርቀቱ ምን ያደርጋል? 333 ለ500 ሲካፈል 40 ደቂቃ ነው፤ ቲኬት ላይ ግን 40 ደቂቃ አታገኚም። እዚያ የሚጻፈው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። መሬት ላይ የሚሄደው፣ ከፍታ የሚይዝበት፣ የሚወርድበት ሁሉ ይቆጠራል፤ 500ን የሚያገኘው መሃል ላይ ነው። ደግሞስ በሁለቱ መካከል ቀጥታ በረራ አለ ያለሽ ማነው? ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በትልቁ ኤርፖርት በኩል ነው፤ እዚያ መጠበቁ ከበረራው ሊረዝም ይችላል።

ንጋት_ነኝ፦ የተጠየቅኩት ርቀት ነው፣ ስለ ትራንዚት ማን ጠየቀኝ! ቀመረኛ፣ 334 መጣልኝ፣ ተባረክ። ግን አንድ ድረ ገጽ 296 ይላል። የቱን ልያዝ?

ደመና_ላይ፦ ደምረሽ ለሁለት!

አንጋፋው፦ ልዩነቱ የነፋስ ነው።

ቀመረኛ፦ ጋሼ፣ ነፋስ ሰዓቱን ይቀይራል እንጂ ርቀቱን ምን አድርጎ? ንጋት፣ 9.50ን ከኤርፖርቱ ቻርት (ለአብራሪዎች ከሚዘጋጀው ካርታ) ከገለበጥሽው 9 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ደቂቃ ስል የሰዓቱን ሳይሆን የዲግሪን አንድ ስድሳኛ ነው። ደቂቃው ለ60 ተካፍሎ 9.83 ነው መግባት ያለበት። አንቺ ያስገባሽው 9.50 ግን 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው፤ የጎደለው 20 ደቂቃ 20 ኖቲካል ማይል፣ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ 296 የሚመጣውም እንደዚያ ነው። ሁለቱም ከቻርት ከሆኑ ግን ልዩነቱ ያው 3 ስለሆነ 334 ይያዝ። 12.50ን ከየት አመጣሽው?

መንገድ_ወዳድ፦ ሰዓቱን ግን ለ500 አታካፍዪ፣ ተናግሬያለሁ።

አዲስ_ገቢ፦ ሰላም፣ ጣልቃ ልግባና የአንዲት ትንሽ ኤርፖርት ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አጣሁ። የት ነው የሚገኘው?

ቀመረኛ፦ ላይኖራት ይችላል። ባለ አራት ፊደሉን የኢካኦ (የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ኮድ ፈልግ። ንጋት፣ 12.50ስ?