የአርበኞች ጠመንጃ ፕሮፖዛል፦ ይሰብሰብ ወይስ ይመዝገብ? ይተኮስ ወይስ አይተኮስ?

ሰብሳቢ፦
ሰላም ናችሁ የማኅበራችን አባላት። ፕሮፖዛሉ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም ከሚያዝያ 27 በፊት መግባት አለበት። እስካሁን የተስማማነው የአያቶቻችን አሮጌ ጠመንጃ ይሰብሰብ በሚለው ላይ ብቻ ነው፣ የት ይቀመጥ፣ ይተኮስበት አይተኮስበት ገና ነው። የመሰላችሁን ጻፉ፣ ረቂቁን እኔ አስተካክላለሁ።

የሞጣው፦
እኔ ተኩሱ ይግባ ባይ ነኝ። ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ድምፁ ካልተሰማ ለልጆቻችን ብረት ብቻ ነው የሚሆነው። እኛ ሰርግም ለቅሶም ላይ ሲተኮስ እየሰማን ነው ያደግነው። በድል ቀን ፖሊስ ባለበት አምስት አምስት ጥይት ዒላማ ላይ ብንተኩስ ምን ክፋት አለው? ውጭ አገር እኮ የመቶ ዓመት ጠመንጃ የሚተኩሱ ክለቦች አሉ፣ ውድድር ሁሉ ያደርጋሉ።

ከቢቸና፦
ወንድሜ የሞጣው ስሜትህ ይገባኛል፣ ድምፁን እኔም እወደዋለሁ። ግን ዕድሜዬን መሳሪያ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና አንዴ ስማኝ። ውጅግራ የምንለው «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው። ለበን ደግሞ የ1886 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሌበል ነው፣ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው የሠራዊት ጠመንጃ፣ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል፣ ስፋቱም 8 ሚሊሜትር ነው። የቤልጂግ ሥሪት የሆነው በልጅግም በሰው አፍ ስምንት ነው የሚባለው፣ ልኩ ግን 7.92 ነው፣ ጥይቱም ከለበን ጥይት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እና አንዱ ልጅ ገበያ ላይ የስምንት ጥይት አለ ሲሉት ገዝቶ ቢመጣስ? እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ፣ ጎረቤቴ የውጅግራ ቀለህ ውስጥ የዘመኑን ባሩድ ሞልቶ ተኮሰ፣ መዝጊያው ወደ ኋላ ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። እስከ ዛሬ ሳየው ያመኛል።

ደሞ ሌላም አለ። የድሮ ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ጨው ነው የሚተወው፣ እርጥበት ይስብና ከውስጥ ይበላዋል፣ ዘይት ብቻ ቢቀቡት አይለቅም፣ ፍል ውሃ ነው የሚያጥበው። ይሄን የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ተኩሶ ቢሰቅለው የአያቱን ጠመንጃ በራሱ እጅ ገደለው ማለት ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ ስለ ጥይቱ የጻፉት ፕሮፖዛሉ ውስጥ እንዳለ ይግባልን። እኔን ያሳሰበኝ ግን «ይሰብሰብ» የሚለው ቃል ነው፣ እባካችሁ ይውጣ። አሁን ባለንበት ሁኔታ የገበሬው ደጅ ሄደን የአያትህን ጠመንጃ አምጣ ብንለው ማን ያምነናል? መንግሥትስ በምን ዓይን ያየናል? የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ አንድም መሳሪያ አንድ ቤት ማከማቸት አንችልም። እኔ የምለው መጀመሪያ ምዝገባ ይሁን፣ ጠመንጃው ባለበት ቤት ይቀመጥ፣ እኛ ፎቶና ታሪክ ይዘን እንመለስ፣ ያውም ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ። በቅርስ አዋጁ በ209/1992 በኩል እንሂድ።

እና ታሪክ ስል ከጣልያን ተማረከ ማለት ብቻ አይደለም። ማን ያዘው፣ ከማን ወረሰው፣ አድዋ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር ሄዷል ወይስ ከ1928 በኋላ በአርበኝነት ጊዜ የተገኘ ነው፣ ሰደፉ ላይ የተቀረጸው ስም የማን ነው፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በጠፍር ያሰረው ማነው። ይሄን የሚያውቁት እናቶቻችንና አባቶቻችን እያለፉ ነው። ከአገራችን የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢ እየተሸጡ ነው፣ ሰደፋቸው ላይ የአማርኛ ፊደል እያለ የማን እንደነበሩ የሚናገር የለም። ፎቶውን ሳይ አለቀስኩ በእውነት። እና ደግሞ ማንም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፍቃቸው፣ ቫርኒሽ እንዳይቀባቸው ይጻፍ፣ ጠፍሩም ሚስማሩም ታሪክ ነው።

ከቡሬ፦
በእህቴ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የምዝገባው ቅጽ ላይ «የጣልያን ምርኮ» የሚል ሳጥን ብቻ እንዳይኖር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በበላያ በቡሬ አድርገው ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ የእንግሊዝም መሳሪያ ገብቷል። ምንሽር የሚባለው ጠመንጃም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚመዘግበው ሰው በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ይገልብጥ፣ የበልጅጉ ላይ የአንበሳ ምልክት ካለ ፎቶ ይነሳ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በባለቤቶቻቸው ፈቃድና በሚመለከተው አካል ዕውቅና የአርበኞችን አሮጌ ጠመንጃዎች ባሉበት ይመዘግባል፣ ታሪካቸውን በድምፅ ይቀዳል። ለኤግዚቢሽን የሚመጣ ካለ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል።» ተኩሱ ለጊዜው ወጥቷል፣ ወደፊት ቢታሰብ እንኳ ባለሙያ በርሜሉን ያየውና ትክክለኛ ጥይት የተገኘለት በልጅግ ብቻ፣ እሱም ፖሊስ ከፈቀደ። የሞጣው ምን ትላለህ?

የሞጣው፦
ጋሼ የጎረቤትዎን ነገር ካነበብኩ በኋላ ምን እላለሁ፣ ይሁን። ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ፣ ታሪኩ ሲቀዳ ቀረርቶና ፉከራውም አብሮ ይቀዳ። አያቴ ለበናቸውን ይዘው ሲፎክሩ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን አጎቴ ብቻ ነው የሚችለው፣ እሱም ሰማንያ አልፎታል። መቅጃ ያለው ሰው ቅዳሜ ከኔ ጋር ሞጣ ይምጣ፣ ማደሪያና ምግብ በኔ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
መቅጃው እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ።